በከተማችን አደራ እንዴት ግብር ከፈለ

የሰው ልጅ ከዋሻ ወጥቶ ግብር ወደሚከፈልበት የሥልጣኔ ማማ እስኪደርስ ብዙ ደክሟል። ለመሬት ገበረ፣ ለቤት ገበረ፣ ለሱቅ ገበረ፤ ለከብቱና ለንብ ቀፎው ሳይቀር ገበረ። ሆኖም የአንዱ ሰው ንብረት በሌላው ሰው ቤት በእምነት ብቻ ተቀምጦ ሲያይ፣ «ይህስ ለምን እንዲያው ዝም ብሎ ይቀመጣል?» ብሎ የጠየቀ ጠቢብ በታሪክ አልተነሣም ነበር። ይህ ክብር ተጠብቆ የቆየው ለእኛ ከተማ ነው።

ከተማችን ከሲሬ አልፎ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ስሟን የማልጠራው ፈርቼ አይደለም፤ ዝናው ለሷ ብቻ ሲሆን ጎረቤቶቿ እንዳይከፋቸው ነው። አውቶቡስ ይቆምባታል፤ ተሳፋሪው የበቆሎ እሸት ይገዛባታል፤ ሹፌሩ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርግባታል፤ ከዚያ ሁሉም ይሄዳል። በ1971 ዓ.ም. ግን ጓድ አበጋዝ ከአውቶቡሱ ወረዱና አውቶቡሱ ያለ እሳቸው ሄደ።

ጓድ አበጋዝ የተላኩልን የገቢ ማስፋፊያ ኮሚቴያችንን በሊቀመንበርነት እንዲመሩ ነበር። ንድፈ ሐሳቡን የተማሩት ባጭሩ ነው፤ የሚያስተምሩት ግን በረጅሙ። ከላይ የመጣው መመሪያ «አዲስ የገቢ ምንጭ ያላገኘ ኮሚቴ ራሱን ይመርምር» ይላል። ራስን መመርመር ምን ማለት እንደነበር በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ያልኖረ ባያውቀው ይሻለዋል። ስለዚህ ጓድ አበጋዝ ራሳቸውን ከመመርመር ይልቅ ከተማውን መመርመር መረጡ።

ታላላቅ ግኝቶች በድንገት ነው የሚገኙት ይባላል። ይህም የተገኘው ሲጋራ ሲገዛ ነው። ጓድ አበጋዝ በጉራጌው ነጋዴ በአቶ ወልደሩፋኤል ሱቅ መደብ ላይ ተደግፈው ሳለ፣ አዴ ድርቤ የምትባል ባሏ የሞተባት የሰፈራችን ሴት እያለከለከች ገባች።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ወልደሩፋኤል! ላሟ ወለደች!»

«እሰይ! ምን ወለደች?»

«ሴት ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። የኦብሴ ሀብት በዛ በል!»

ጓድ አበጋዝ ሲጋራቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ላሚቱ የማን ናት?»

«የእኔ አይደለችም» አለች አዴ ድርቤ። «እኔ ወተቷን ነው የምጠጣው።»

«የእኔም አይደለችም» አሉ አቶ ወልደሩፋኤል። «እኔ ቃሏን ነው የያዝኩት።»

«ታዲያ የማን ናት?»

«የኦብሴ ናት።»

«ኦብሴ የምትባለው ምን ሥራ አላት?»

«ሁለተኛ ክፍል ናት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩማ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ነበረ፤ ከዲጋ ወዲህ መኪናው ተገልብጦ ነቀምቴ ሆስፒታል ገባ። ሚስቱ ቀደም ብላ አርፋ ነበርና፣ ነፍሱ ልትወጣ ስትል የወዳጁን የወልደሩፋኤልን እጅ ይዞ «ላሜን ለልጄ፤ አደራ» አለና ሞተ። አቶ ወልደሩፋኤል ከሱቁ ጓዳ የሚያድሩ ሰው ስለሆኑ ላም ማቆሚያ ግቢ የላቸውም። ስለዚህ ልጅቱንም ላሚቱንም ለአዴ ድርቤ ሰጡ። አገሬው ይህን ደበሬ ይለዋል፤ ያረባ ሰው ወተቱን ይጠጣል፣ ጥጃው ለባለቤቱ ይሆናል፤ ፊርማ የለ፣ ዋስ የለ። ኦብሴም ወተቱን እየጠጣች አደገች። ለአራት ዓመት ያህል አንድም ሰው አልተጣላም። ይህ ራሱ ሊያጠራጥር ይገባው ነበር።

የጓድ አበጋዝ ሲጋራ ሳይጨስ ጣታቸው ድረስ ነደደ። «ሰጪ አለ፤ ያዥ አለ፤ ተጠቃሚ አለ» አሉ ቀስ ብለው። «ሦስት ሰው፣ አንድ ላም፣ ግብር ግን የለም!»

ኮሚቴው በማግስቱ በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ።

«ጓዶች!» አሉ ጓድ አበጋዝ። «አደራ ማለት ምንድን ነው? አደራ ማለት ሀብት ከአንድ እጅ ወጥቶ ሌላው እጅ ሳይገባ መሀል መንገድ ላይ የሚደበቅበት የፊውዳል ዋሻ ነው!»

ተጨበጨበ። ዋሻው ያለው የት እንደሆነ የገባው ሰው ባይኖርም መኖሩ አስደነገጠን።

የኮሚቴው ጸሐፊ ጉሉማ እጁን አወጣ። ጉሉማ የአገሩ ልጅ ነው፤ ትሑት ነው፤ የሊቀመንበሩን ወንበር በየጠዋቱ በመሐረቡ ይጠርጋል፤ ሲጠርግም አንዳንዴ ትንሽ ቁጭ ይልበታል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ግብሩን ከሦስቱ የትኛው ይክፈል?»

«ጥያቄው ራሱ የንዑስ ከበርቴ ጥያቄ ነው፣ ጓድ ጉሉማ። የትኛው አይከፍልም ብለህ ጠይቅ።»

«የትኛው አይከፍልም?»

«ማንም!»

በዚሁ መሠረት ተወሰነ። ሰጪ ይከፍላል፤ ባይሰጥ ኖሮ አደራው አይፈጠርም ነበርና። ያዥ ይከፍላል፤ በእጁ ነውና። ተጠቃሚም ይከፍላል፤ ተስፋ ያደርጋልና፤ ተስፋ ደግሞ ያልደረሰ ገቢ ነው። ሰጪው ሟች ኩማ ስለመሞቱ ለኮሚቴው በአካል ቀርቦ ስላላስረዳ የእሱ ድርሻ በአቶ ወልደሩፋኤል ላይ ተደረበ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ልጆቼ፣ አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል» ሲሉ ኮሚቴው አባባሉን በጥልቀት መረመረው፤ አደራ ጥብቅ መሆኑን ለግብሩ እንደ ተጨማሪ ማስረጃ ተቀበለ፤ ሰማይ ግን ሩቅ በመሆኑ ለጊዜው ከግብር ነፃ እንዲሆን ተስማማ። ሽማግሌው አልበቃቸውም።

«አደራ መብላት እኮ ነውር ነው!»

«መንግሥት አደራ አይበላም፣ አባባ» አሉ ጓድ አበጋዝ። «ይቀምሳል እንጂ።»

እዚህ ላይ ቢቆም ሌላ ሰው ይበቃው ነበር። ጓድ አበጋዝ ግን በሠለጠኑ አገሮች አደራ ራሱ እንደ አንድ ሰው ተቆጥሮ በስሙ ግብር ይከፍላል የሚል ነገር የሆነ ቦታ ሰምተዋል። እኛ ከማን እናንሳለን? አደራ በስሙ መጥሪያ ወጣለትና ቀርቦ እንዲመዘገብ ታዘዘ። በቀጠሮው ቀን የቀበሌው ዘበኛ አባ ታፋ፣ ድምፃቸው ወንዝ ማዶ የሚሰማ ሰው ናቸው፣ በር ላይ ቆመው ጮኹ፦

«አደራ! ኧረ አደራ! አደራ!»

ገበያው ተገለበጠ። ሰው እየታረደ መስሎት ዱላ ያለው ዱላውን፣ ዱላ የሌለው ሚዛኑን ይዞ ሮጠ። ቤት የተቃጠለ የመሰላት ሴት እንስራ ሙሉ ውኃ ተሸክማ ደረሰችና ጊዜ ላለማጥፋት በአባ ታፋ ላይ ደፋችው።

«ማል ተኤ? ማን ነው የሞተው?» አለች።

«ማንም» አሉ አባ ታፋ ውኃው ከጢማቸው እየተንጠባጠበ። «ሰው ነው የምጠራው።»

«ማንን?»

«አደራን።»

«መጣ ታዲያ?»

አባ ታፋ ግራ ቀኙን አዩ። «ላኪ፣ አልመጣም» አሉ። «እዚህ ያለ አይመስለኝም።»

አደራ ባለመቅረቡ በሌለበት ተወሰነበት።

ቀጥሎ የገቢው መጠን መታወቅ ነበረበት። ጓድ አበጋዝ ሊቃውንት ያልደፈሩትን ልዩነት በሁለት ቃል ለዩት፤ ታልቦ የተጠጣው ወተት የተከፋፈለ ገቢ ነው፤ ያልታለበው ወተት ደግሞ ያልተከፋፈለ ገቢ ነው። ያልተከፋፈለው በላሚቱ ውስጥ ስላለ፣ ላሚቱ በኮሚቴው ፊት ትታለብ ተባለ።

አዴ ድርቤ ላሚቱንና ጥጃዋን እየነዳች፣ ኦብሴም ከኋላ እየተከተለች መጡ። ጓድ አበጋዝ ጥጃዋን አይተው ተቆጡ።

«ይህች ምንድን ናት? የተጠራችው ላሚቱ ብቻ ናት!»

«ጌታዬ፣ ያለ ጥጃዋ ወተት አትሰጥም እኮ» አለች አዴ ድርቤ።

«ለአንቺ ይሆናል። ለኮሚቴው ትሰጣለች። ጥጃዋ በጉዳዩ ውስጥ ስለሌለችበት ከአዳራሹ ትውጣ!»

ጥጃዋ ወጣች። ጉሉማ እጅጌውን ሰብስቦ ጎንበስ አለ፤ ጎተተ። ምንም የለም። ላሚቱ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ እምቧ እያለች የልጇን ድምፅ ታዳምጣለች። ጓድ አበጋዝ ጉሉማን ገፋ አድርገው ራሳቸው ተቀመጡና ጡቷን ጨመቅ ሲያደርጉት፣ ላሚቱ የኋላ እግሯን አንሥታ ከነወተት ጮጮው ወደ ተሰብሳቢው መለሰቻቸው።

«ይመዝገብ!» አሉ ከወለሉ ላይ። «ላሚቱ ገቢዋን ደብቃለች!»

ገቢ ለደበቀ ቅጣት አለው፤ ቅጣቱ በሦስቱም ግብር ላይ ሲደመር አዴ ድርቤ ቤቷን ብትሸጥ የማትችለው ሆነ። አቶ ወልደሩፋኤል የሱቁን ጨውና ሳሙና ሁሉ አስይዘው ሊከፍሉ ቢሞክሩ ራሳቸው ባለዕዳ ስለሆኑ አልተፈቀደላቸውም።

«እንግዲያው ላሚቱ ግብሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ እዚሁ ግቢ ትቆያለች» አሉ ጓድ አበጋዝ። «ኮሚቴው በአደራ ይይዛታል።»

ጉሉማ ቃለ ጉባኤውን ሲጽፍ እዚህ ቃል ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ሊቀመንበሩን አየ። ከዚያ በትሕትና ጻፈው።

«ልጅቷስ?» አለች አዴ ድርቤ። «ምን ልትጠጣ ነው?»

«አብዮቱ የተጠማ ሕፃን አያሳድርም።»

አላሳደረም፤ በዚያው ሰሞን ኦብሴ ጠዋት ማታ ያለ ስኳር ሻይ ጠጣች።

መመሪያው በከተማው እንደተሰማ የታየውን ብነግራችሁ ውሸት ይመስላችኋል። አደራ የያዘ ሁሉ ሊመልስ ተነሣ። ከኑኑ ቁምባ የመጣ ሰው ትቶት የሄደው በቅሎ ባለቤቱን ፍለጋ ብቻውን ተለቀቀ። ሸዋጌጥ የምትባል ልብስ ሰፊ የጎረቤቷን የጆሮ ጉትቻ በጠራራ ፀሐይ በአጥር ወረወረችላት። የሰፈራችን የጸሎት ቤት በተዘጋ ጊዜ በየሰው ቤት የተሸሸጉት አግዳሚ ወንበሮች መንገድ ዳር ተደርድረው ተገኙ፤ ማንም የእኔ ናቸው አላለም፤ አውቶቡስ ጠባቂዎች ተቀመጡባቸውና ከተማችን በልማት አንድ እርምጃ ተራመደች። ከሁሉ የከፋችው ግን ሐረግወይን ናት። ገበያ መሀል ቆማ፣ «በአደራ የነገርሽኝን ምስጢር መልሼልሻለሁ፣ ለግብር አታስይዢኝ!» ብላ ወዳጇን ጠራችና ምስጢሩን ከነዝርዝሩ መለሰችላት። የወዳጇ ባል ከቅርብ ርቀት ጤፍ ይሸምት ነበር።

በቀበሌው ግቢ ያለችው ላም ደግሞ አልታለብም እንዳለች ቀረች። ከትምህርት ቤት መልስ ኦብሴ ጥጃዋን ይዛ አጥሩ ጥግ ትቆማለች። ጥጃዋ ከውጭ፣ እናቷ ከውስጥ ይጣራሉ። ልጅቱ እጇን በአጥሩ ቀዳዳ አስገብታ የላሚቱን አፍንጫ ትዳብሳለች። አባ ታፋ ዘበኛ ስለሆኑ ይህን ማየት የለባቸውምና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ። ጓድ አበጋዝ በአዳራሹ ንግግር ሲያደርጉ፣ ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር ላሚቱ «እምቧ!» ትላለች። ሕዝቡም ለየትኛው እንደሚያጨበጭብ ግራ ገባው፤ ላለመሳሳት ለሁለቱም አጨበጨበ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ጓድ ነመራ የሚባሉ ተቆጣጣሪ ከነቀምቴ መጡ። ቀጭን ናቸው፤ ሲናገሩም ቃል በግብር የሚገዙ ይመስላሉ። ጓድ አበጋዝ ስለ ግኝታቸው ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ፤ ላሚቱም የበኩሏን ጨመረች።

«ያቺ ላም የማን ናት?» አሉ ጓድ ነመራ።

«የሕፃን ኦብሴ ኩማ።»

«እዚህ ምን ትሠራለች?»

«እኛ ዘንድ ናት። በአደራ ይዘናት ነው።»

«በአደራ?»

«በአደራ!» አሉ ጓድ አበጋዝ በኩራት።

ጓድ ነመራ ወደ ጉሉማ ዞሩ። «ያዥ ምን ይሆናል ነበር ያላችሁት?»

«ይከፍላል» አለ ጉሉማ አንገቱን ደፍቶ። «ከነቅጣቱ።»

«እኛ እኮ መንግሥት ነን!» አሉ ጓድ አበጋዝ።

«መመሪያው ‹ማንኛውም ያዥ› ነው የሚለው። ጥሩ መመሪያ ነው። ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«እንኳን ደስ አለዎት።»

ጓድ ነመራ የቀረበላቸውን ሻይ ሳይጨርሱ ላሚቱ ከግቢው ወጣች። ጥጃዋ ከአጥሩ ሥር ተነሥታ ገና ሳትደርስ ወተቱ በራሱ መንጠባጠብ ጀመረ፤ ያልተከፋፈለው ገቢ ያለ ማንም ውሳኔ መንገድ ላይ ተከፋፈለ። ኦብሴ አንገቷን ለላሚቱ አንገት ሰጥታ አለቀሰች። አዴ ድርቤም ልትነዳት ስትል ጓድ ነመራ ጠሯት።

«እኅቴ፣ ለመዝገቡ ነው፤ ላሚቱ የማን ናት?»

አዴ ድርቤ የጸሎት ቤት ሰው ናት፤ አዎን ያለችው አዎን፣ አይደለም ያለችው አይደለም ነው። ላሚቱን አየች፤ ልጅቱን አየች፤ አቶ ወልደሩፋኤልን አየች። አቶ ወልደሩፋኤል ጫማቸውን ያዩ ነበር።

«የእኔ ናት» አለች።

«የእሷ ናት» አሉ አቶ ወልደሩፋኤልም፣ ለጫማቸው።

«እንግዲያው አደራ የለም» አሉ ጓድ ነመራ፤ ማኅደሩን ዘጉት። አዴ ድርቤ የዚያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትሄድ ከላሚቱ ኋላ ሳይሆን ከላሚቱ ጎን ተደብቃ ሄደች ይላሉ ያዩዋት። ከዚያ በኋላ ከተማው በሙሉ ተማረ። የማን ነው ሲባል በቤቱ የተገኘ ሁሉ «የእኔ ነው» ይላል፤ ማታ ማታ ለባለቤቱ ይመልሳል። ለበላይ አካል በተላከው ሪፖርት ላይም «አደራ ከከተማችን ሙሉ በሙሉ ተደምስሷል» ተብሎ ተጻፈ። እኛም ይህን ድል በሰልፍ አከበርን።

መመሪያው ግን አልተሻረም። ጥሩ መመሪያ ነዋ።

ብዙም ሳይቆይ ጓድ አበጋዝ ለተጨማሪ ትምህርት ተጠሩ። ትምህርት ይባላል እንጂ ራስን መመርመርም ነበረበት። ቤታቸው የመንግሥት ነው፤ መጽሐፎቻቸውን ይዘዋቸው ይሄዳሉ፤ የቸገረቻቸው ለፋሲካ ብለው ያሳደጓት በግ ናት፤ አርግዛለች። ወደ አቶ ወልደሩፋኤል ሱቅ ሄዱ።

«ደስ ባለኝ ነበር፣ ጓድ» አሉ አቶ ወልደሩፋኤል። «ግን እኔ ደካማ ግብር ከፋይ ነኝ።»

ሸዋጌጥ ዘንድ ሄዱ፤ ልብስ ሰፊዋ መርፌውን በአፏ ይዛ ራሷን ነቀነቀች። አባ ታፋ ዘንድ ሄዱ፤ እሳቸውም የወር ደመወዛቸው ለአንድ ሰው አደራ እንኳ አይበቃም አሉ። አውቶቡሱ ጡሩምባ ሲነፋ ጓድ አበጋዝ በጓን እየጎተቱ አዴ ድርቤ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

«እትዬ ድርቤ» አሉ፤ ከዚያ ቀን በፊት «ሴትዮ» ነበር የሚሏት። «እባክዎ…»

«አስገባት» አለች። «ከጥጃዋ ጋር ትውላለች።»

«ደረሰኝ ነገር…»

«አውቶቡሱ ሊሄድብህ ነው፣ ልጄ።»

ጓድ አበጋዝ ከወራት በኋላ ተመለሱ። ትምህርቱን አልፈዋል፤ ሹመቱ ደግሞ እሳቸውን አልፏቸዋል። በወንበሩ ላይ ጉሉማ ነበረ። እዚህ ላይ ለሰዋስው ስል ማስተካከል ያለብኝ ነገር አለ። በወግ መሠረት ከአሁን ወዲያ ጓድ ጉሉማ «እሳቸው» ናቸው፤ አበጋዝ ደግሞ «እሱ» ነው። ሥልጣን የሌለውን አንድ ሰው በብዙ ቁጥር መጥራት የሕዝብ ሀብት ማባከን ነው።

አበጋዝ መጀመሪያ የሄደው ወደ አዴ ድርቤ ቤት ነው። በጓ ወፍራለች፤ መንታ ወልዳ ሁለቱም ግልገሎች በግቢው ይዘላሉ። ልቡ በሐሴት ሞላ። ሆኖም ገና «አካም ጅርተኒ» ሳይባባሉ ጓድ ጉሉማ ሁለት የኮሚቴ አባላት አስከትለው በበሩ ገቡ። ለግብር ግምት ቤት ለቤት እየዞሩ ነበር።

«ይህች በግ የማን ናት?» አሉ ጓድ ጉሉማ።

አዴ ድርቤ ለአበጋዝ በዓይኗ ምልክት ሰጠችውና ሳትዘገይ መለሰች።

«የእኔ ናት።»

«ግልገሎቹስ?»

«እነሱም የእኔ ናቸው።»

የአበጋዝ ፊት ቀላ፤ ከዚያ ጠቆረ። ምልክቷን አይቷል፤ የተረጎመው ግን በለመደው መንገድ ነው።

«ምን?» ብሎ ጮኸ። «ሌባ! የእኔ ናት እንጂ! እኔ ነኝ የሰጠኋት! በአደራ! ሰፈሩ በሙሉ ምስክሬ ነው፣ በአደራ ነው የሰጠኋት!»

ጓድ ጉሉማ ቆባቸውን አውልቀው፣ ያንኑ ወንበር ሲጠርጉበት የኖሩትን መሐረብ አውጥተው፣ ላባቸውን ቀስ ብለው ጠረጉ።

«ነዋሪ አበጋዝ» አሉ። «ሰጪው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ!»

«ተጠቃሚውስ?»

«እኔው!…» አለና አፉ ተከፍቶ ቀረ።

«ሁለት ግብር» አሉ ጓድ ጉሉማ ወደ ጸሐፊያቸው ዞረው። «ግልገሎቹን ያልተከፋፈለ ገቢ በላቸው።»

ኮሚቴው ወጣ። አበጋዝ በጓን አንገቷን አቅፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አዴ ድርቤ ትንሽ ቆማ አየችው፤ ከዚያ ገብታ በጣሳ ወተት ይዛለት መጣችና አጠገቡ አስቀመጠችለት።

«ምነው ልጄ» አለችው። «ልዋሽልህ ነበር እኮ።»